ስለ ዘር ንግድ፤ የግዙፍ ዱባ ወላጆች አመራረጥ

በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ከሌሎቹ ገበያዎች ሁሉ የተለየ አንድ ገበያ ይቆማል። ገበሬው፣ አስተማሪው፣ የእጅ ባለሙያውና ጡረተኛው፣ ከሚያዝያ ወር ጀምሮ ቀን ከሌት ሲንከባከበው የከረመውን አንድ ዱባ በጭነት መኪና አምጥቶ፣ በማንሻ እያስነሣ በሚዛን ላይ ያስቀምጣል። ሕዝቡም ዙሪያውን ቆሞ ቁጥሩ እስኪነገር ይጠባበቃል። በ2025 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር በሬዲንግ ከተማ አቅራቢያ ኢያንና ስቱዋርት ፔተን የተባሉ መንትያ ወንድማማቾች ያቀረቡት ዱባ 1,278.8 ኪሎ፣ ማለት ከ12 ኩንታል ተኩል በላይ መዝኖ የዓለም አንደኛ ሆኗል። ከእርሱ በፊት ክብሩን ይዞ የነበረው ትራቪስ ጊንገር የተባለው የሚኔሶታ ሰው በ2023 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በሀፍ ሙን ቤይ ያስመዘነው የ1,247 ኪሎ ዱባ ሲሆን፣ ለባለቤቱ 30,000 የአሜሪካ ዶላር ሽልማት አስገኝቶለታል።

ይህ ለተመልካች ጨዋታ ነው። ነጋዴ የሆነ ሰው ግን ዓይኑን ሊጥልበት የሚገባው ጨዋታው ካለቀ በኋላ የሚሆነው ነገር ነው። ዱባው ከሚዛን ወርዶ፣ ታይቶና ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሲያበቃ ይሰነጠቃል፤ ከሆዱም እንደ ዕድሉ ጥቂት መቶ ዘር ይወጣል። ያ ዘር ታጥቦ፣ ደርቆና ተቈጥሮ በትንንሽ ፖስታ ይገባል። ከፊሉ ለወዳጅ በነጻ ይሰጣል፤ ከፊሉ በሌላ ዘር ይለወጣል፤ ከፊሉም የአብቃዮች ማኅበራት በሚያዘጋጁት ሐራጅ ላይ ይወጣና አንዱ ፍሬ ብቻውን የማዳበሪያ ኩንታል በማያወጣው ዋጋ ይሸጣል። ዋጋውን የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በፖስታው ላይ የተጻፈው የክብደት ቁጥር ነው። ይህ አሠራር ልማድ ሆኖ ስለ ቈየ ማንም አያስገርመውም። ነገር ግን ሒሳቡ ቀርቦ ሲመረመር ገዢው የሚከፍልበት ነገርና የሚረከበው ነገር የተለያዩ ሆነው ይገኛሉ።

ለዚህ ንግድ ባዕድ ለሆነ አንባቢ አስቀድሞ የስሙን አወጣጥ መግለጽ ያስፈልጋል። አብቃዮቹ ለእያንዳንዱ ታዋቂ ዱባ የሚሰጡት ስም በፓውንድ የተመዘነው ክብደቱ፣ የአብቃዩ የቤተ ሰብ ስምና የተመዘነበት ዓመት ተደምሮ ነው። ለምሳሌ በ2012 ዓ.ም. ሮን ዋላስ የተባለው የሮድ አይላንድ ሰው በማሳቹሴትስ፣ በቶፕስፊልድ ትርኢት 2,009 ፓውንድ፣ ማለት 911 ኪሎ ያህል አስመዝኖ፣ የአሜሪካኑን ቶን ያለፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዚያ ዱባ የወጣው ዘር «2009 ዋላስ» ተብሎ ይጠራል። የትውልድ ሐረግ ሲጻፍ ደግሞ እናቲቱ ትቀድማለች፤ አባትየው ይከተላል። ስለዚህ አንድ ፖስታ ሦስት ስም ይይዛል፤ የራሱ፣ የእናቱና የአባቱ። ይህ የአመዘጋገብ ሥርዓት ማንም መንግሥት ሳያስገድዳቸው ተራ የጓሮ አብቃዮች ያቆሙት ስለሆነ በእውነት የሚመሰገን ነው። ብዙ አገሮች ለከብቶቻቸው እንኳ ይህን ያህል የጠራ የዘር መዝገብ የላቸውም።

ጉድለቱ መዝገቡ ላይ ሳይሆን አነባበቡ ላይ ነው።

ዱባ በአንድ ሐረግ ላይ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ የሚያወጣ ተክል ነው። ወንዴው በቀጭን ረዥም ዘንግ ላይ ይቆማል፤ ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ክብ ዱባ ይዛ ትወለዳለች፤ እንዲያውም አበባው ሳይፈካ በፊት ማንኛዋ ሴት እንደሆነች ሕፃን ልጅ ይለያታል። አበባው የሚከፈተው ማለዳ ሲሆን፣ ፀሐይ ከፍ ስትል ይጠወልጋል። ዘሩን ጠንቅቆ የሚጠብቅ አብቃይ በዋዜማው ምሽት ነገ የምትፈካዋን ሴቴ አበባ በጨርቅ ከረጢት ወይም በስኒ ይሸፍናታል፤ የመረጠውንም ወንዴ አበባ ንብ እንዳይደርስበት ይከልለዋል። ጎሕ ሲቀድ የወንዴውን አበባ ቅጠሎች ገልጦ ብናኙን በሴቴዋ ላይ ያሻሽና መልሶ ይሸፍናታል። ከዚያ ወዲያ ያለው የንብ ሥራ አይደለም፤ የእርሱ ነው። ይህን ሳያደርግ ለንብ የተወው ዱባ አባቱ አይታወቅም። በፖስታው ላይም «ያልተከለለ» ተብሎ ይጻፋል፤ ባይጻፍ ግን ሻጩ ገዢውን በድሏል።

የማለዳው ነገር ከተነሣ ዘንድ፣ የአገራችን የእርሻ ሊቃውንትም ይህንኑ ትምህርት በጤፍ ላይ እንዳገኙት ማስታወስ ይገባል። የጤፍ አበባ ከማነሱ የተነሣ በእጅ ለማዳቀል አይመችም ተብሎ ሲታመን ነበር። ዶክተር ታረቀ በርሄ በ1970ዎቹ ውስጥ አበባው ማለዳ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚከፈት መሆኑን ደርሰውበት የማዳቀሉን በር ከፈቱ። ከዚያ የመጣውን ፍሬ ዛሬ የእህል ነጋዴው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከታች ይጠቀሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንመለስ ዘንድ ግድ ነው። በማለዳ በሴቴዋ አበባ ላይ የተነሰነሰው ብናኝ በዚያ ዓመት ዱባ ላይ የሚያሳየው ነገር የለም። የዱባው ሥጋ፣ ልጣጩ፣ ቀለሙና ቅርጹ ሁሉ የእናቲቱ ተክል አካል ነው። የአባቱ እጅ ያረፈው በሆዱ ውስጥ ባለው ዘር ላይ ብቻ ነው፤ የሚታየውም ያ ዘር በሚቀጥለው ዓመት ተዘርቶ ሲያፈራ ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ነው፤ ቢሆንም በሐራጁ አዳራሽ የሚዘነጋው ይኸው ነው። አንድ ዱባ 12 ኩንታል ሲመዝን ሚዛኑ የሚመሰክረው ስለ ተዘራችው ዘር፣ ማለት ካቻምና ወይም ከዚያ በፊት ስለ ተጋቡት ወላጆች ነው። በሆዱ ውስጥ ስላለው ዘር የሚመሰክረው ግማሹን ብቻ ነው፤ እርሱንም በእናትነት በኩል። አዲሱ ጋብቻ ገና አልተፈተነም። ስለዚህ በሐራጁ ቀን 12 ኩንታል የሚለውን ቁጥር አይቶ ገንዘቡን የሚቈጥረው ሰው ዋጋ የሚከፍለው ለተፈተነው ትውልድ ሲሆን፣ የሚረከበው ያልተፈተነውን ነው። የተፈተነው ዘር የት አለ ቢባል፣ አሸናፊዋ ዘር ወጥታ በቀረችበት ፖስታ ውስጥ ከእኅቶቿ ጋር ተኝቷል። ያን ፖስታ ግን ክብደቱ አነስተኛ የተጻፈበት ስለሆነ ብዙ ሰው ዘወር ብሎ አያየውም።

አበው «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» ብለዋል። በዱባ ዘንድ ይህ ምክር ግማሽ መንገድ ያደርሳል እንጂ ከቤት አያስገባም። አያትንም፣ እኅትንም፣ ቀድሞ የተወለዱትንም ልጆች ማየት ያሻል።

ሌላው ስሕተት የመሬቱን ሥራ ለዘሩ መስጠት ነው። ለአንድ ተክል ከ40 እስከ 90 ካሬ ሜትር ያህል መሬት ተለቅቆለት፣ አፈሩ በየዓመቱ ተመርምሮ፣ ፍግና ብስባሽ ጠጥቶ፣ ሐረጉ በየመገጣጠሚያው እየተቀበረ ሥር እንዲያበዛ ተደርጎ፣ ሌሊት በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ ቀን ጥላ ተዘርግቶለት የሚያድግ ዱባ በብርቱው የዕድገት ሳምንት ብቻ በየቀኑ ከ15 ኪሎ በላይ ይጨምራል። ይህን ሁሉ የሚያደርግ የሰላሳ ዓመት ባለሙያ ከመካከለኛ ዘር ትልቅ ዱባ ሊያወጣ ይችላል። በአንጻሩ በአሸዋማ መሬት ላይ፣ በበረዶ በተመታ ዓመት፣ አንድ ጀማሪ ያወጣው የ7 ኩንታል ዱባ ከዚያ የተሻለ ደም ሊኖረው ይችላል። ሚዛኑ ሁለቱን አይለይም። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለው ተረት በዚህ ላይ ዱባና ዱባም ለየቅል መብቀላቸውን ቢጨምርበት ይበልጥ ይሟላ ነበር።

ታዲያ ምን ይታይ? የመሬቱን ሥራ ከዘሩ ሥራ ለመለየት የሚያስችለው መንገድ በአንድ ማሳ፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ሰው እጅ ያደጉትን ማወዳደር ነው። ከዚህ ፖስታ የወጣው ተክል እዚያው ጎኑ ከተዘራው ተክል በልጧልን? በሌላውስ ሰው ማሳ? በሦስተኛውስ? አንድ ዘር በአምስት ልዩ ልዩ ማሳ ውስጥ አራት ጊዜ ጎረቤቱን ከበለጠ፣ ራሱ ያስመዘነው ቁጥር ትንሽ ቢሆን እንኳ ወላጅ ሊሆን የሚገባው እርሱ ነው። የከብት አርቢዎች ኮርማን በራሱ ቁመና ሳይሆን በልጆቹ የወተት መዝገብ መመዘን ከጀመሩ ብዙ ጊዜ አልፏል። በዱባው ዓለምም ምሳሌው አልጠፋም። በ2015 ዓ.ም. የተመዘነው «2145 ማክሙለን» የተባለው ዱባ የዓለም ክብረ ወሰን አልነበረም፤ ቤኒ ማየር የተባለው የስዊስ ሰው አንድ ዓመት ቀድሞ በ2014 ዓ.ም. 1,054 ኪሎ አስመዝኖ ነበርና። ይሁን እንጂ ከማክሙለን ዘር የተወለዱት ዱባዎች በየአገሩ ከ2,000 ፓውንድ በላይ እየመዘኑ በመውጣታቸው፣ ስሙ በብዙ ታላላቅ ዱባዎች የትውልድ ሐረግ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ያን ዘር ያስከበሩት ልጆቹ ናቸው።

በዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ መጨመር አለበት። የልጆች መዝገብም ቢሆን ሊያታልል ይችላል። ስሙ የገነነ ዘር የሚደርሰው ከሁሉ የበለጠ መሬትና ችሎታ ባላቸው ሰዎች እጅ ነው፤ እነርሱም ትልቅ ዱባ ያወጣሉ፤ ትልቁም ዱባ የዘሩን ስም ይበልጥ ያገነዋል፤ ነገሩ በዚህ ዓይነት ራሱን በራሱ እየመገበ ይሄዳል። ከዚህም የከፋው፣ በነሐሴ ወር የፈነዳው፣ የበሰበሰውና በሚዛን ፊት ያልቀረበው ዱባ በመዝገቡ ላይ የለም። አንድ ዘር አርባ ቦታ ተዘርቶ አምስቱ ታላላቅ ሆነው ሠላሳ አምስቱ ቢፈነዱ፣ መዝገቡ የሚያሳየው አምስቱን ብቻ ነው። ሥዕሉ በእጅጉ ያምራል፤ ዕዳው ግን ተሰውሯል። ኪሳራው ያልተጻፈበት የሒሳብ መዝገብ ለባለ ባንክ ቢቀርብ ምን እንደሚባል የዚህ ጋዜጣ አንባቢ ያውቀዋል።

መፈንዳት ከተነሣ ዘንድ የወላጅ ምርጫ ዋናው ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። የውድድሩ ደንብ ዱባው ጤናማ እንዲሆን ያዝዛል። ወደ ሆዱ የሚዘልቅ ስንጥቅ ወይም ቀዳዳ ያለበት፣ ወይም የበሰበሰ ዱባ ምንም ቢከብድ ለሽልማት አይበቃም። ዱባ እየከበደ ሲሄድ በራሱ ክብደት ይዘረጋል፤ ይጠፈጠፋል፤ ሸንተረሩ ጥልቅ የሆነ እንደ ሆነ በሸንተረሩ በኩል፣ አንገቱ ከሐረጉ ጋር ጠባብ ማዕዘን የሠራ እንደ ሆነ በአንገቱ በኩል ይቀደዳል። ስለዚህ አዳቃዩ የሚፈልጋቸው ጠባዮች ብዙ ናቸው። ሐረጉን የማይገፋ አንገት፣ ከላይም ከታችም እኩል የወፈረ ሥጋ፣ ልስልስ ያለ ጎን፣ እስከ መጨረሻው ሳምንት ማደጉን የማያቆም ዕድሜና በሽታን የሚቋቋም ሐረግ ይሻል። ቀለሙም ዋጋ አለው። አረንጓዴ ወይም ግራጫ የሆነው በውድድሩ ከዱባ ተለይቶ በሌላ ክፍል ይመዘናልና።

ከእነዚህ ጠባዮች ውስጥ አንዱ ከውጭ በቀጥታ አይታይም፤ እርሱም የሥጋው ውፍረት ነው። አብቃዮቹ ለዚህ ብልሃት አግኝተውለታል። የዱባውን ዙሪያ፣ ከጎን እስከ ጎን ያለውን የላይ ስፋትና ከአንገት እስከ እንብርት ያለውን ርዝመት በሜትር ገመድ ለክተው ሦስቱን ይደምራሉ፤ በተዘጋጀው ሰንጠረዥም ክብደቱን ይገምታሉ። በኋላ ሚዛኑ ከግምቱ በ5 ወይም በ10 በመቶ በልጦ ሲገኝ ዱባው ወፍራም ሥጋ አለው ማለት ነው። ቢያንስም ሆዱ ባዶ ነው። ይህ የመቶኛ ቁጥር ከመሬቱ ልምላሜ ይልቅ ለዘሩ ጠባይ የቀረበ ምስክር ስለሆነ፣ ወላጅ መራጩ ከጠቅላላው ክብደት አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ይህን ነው። ነገር ግን በብዙ ፖስታዎች ላይ ተጽፎ አይገኝም።

ሁለት ወላጆች ሲመረጡ ሁለት አንደኛዎችን ማጋባት ለብዙዎች የሚቃና መንገድ ይመስላቸዋል። ሁለቱም የሚፈነዱ ከሆኑ ግን ልጆቹ ይበልጥ ይፈነዳሉ። ብልህ አዳቃይ የአንዱን ጉድለት በሌላው ጸጋ ይሞላል። እጅግ ትልቅ ሆኖ ሥጋው የሳሳውን፣ መጠኑ መካከለኛ ሆኖ ግድግዳው ከወፈረው ጋር ያጋባል። ከላይ የተነሣው የጤፍ ነገር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። የደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል ሊቃውንት በ2006 ዓ.ም. ያወጡት ቁንጮ የተባለው ጤፍ ወላጆቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ምርቱ የበዛ፣ ሁለተኛው ምርቱ አነስተኛ ሆኖ ንጣቱ ገበያ የሚወደው። ምርት በምርት ላይ ቢደራረብ ኖሮ የአዲስ አበባ ሸማች በዚያ ፍጥነት ባልተቀበለው ነበር። ወላጅ የመምረጥ ሥራ ከመነሻው የገበያ ጥያቄ መሆኑን ይህ በደንብ ያሳያል።

አሁን ደግሞ ነገሩ ከበድ ወደሚልበት እንለፍ። በ1900 ዓ.ም. ዊልያም ዋርኖክ የተባለ የካናዳ ሰው፣ ከኦንታሪዮ ግዛት ከጎዴሪች ከተማ፣ በፓሪስ የዓለም ትርኢት ላይ 400 ፓውንድ የሚመዝን ዱባ አቀረበ፤ በ1904 ዓ.ም. በሴንት ልዊስ ትርኢት ደግሞ 403 ፓውንድ፣ ማለት 183 ኪሎ ያህል አደረሰው። ይህን ቁጥር እስከ 1976 ዓ.ም. ድረስ ማንም አላለፈውም። ሰባ ዓመት የቈመውን ግድግዳ ለዘለቄታው ያፈረሰው ሐዋርድ ዲል የተባለው የኖቫ ስኮሺያ ገበሬ ሥራ ነው። ይህ ሰው በዊንድዘር ከተማ አጠገብ ባለው እርሻው ከ1950ዎቹ ጀምሮ ትላልቅ የዱባ ዝርያዎችን በትዕግሥት ሲያጋባና ሲመርጥ ኖሮ «አትላንቲክ ጃየንት» የተባለውን ዝርያ አወጣ፤ በ1981 ዓ.ም. 493.5 ፓውንድ አስመዘነ፤ ከ1979 እስከ 1982 ዓ.ም. በተከታታይ አራት ጊዜም የዓለም አሸናፊ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በ1996 ዓ.ም. 1,000 ፓውንድ ታለፈ፤ በ2012 ዓ.ም. 2,000 ታለፈ። ዛሬ በየሚዛኑ ላይ የሚወጡት ታላላቅ ዱባዎች ከዲል ዝርያ የወረዱ ናቸው።

ይህ የአንድ ሰው ታላቅ ክብር ነው፤ ለንግዱ ግን አደጋም አለበት። ሁሉም ከአንድ ምንጭ ቀድቶ፣ ከዚያም ውስጥ በየዓመቱ ከጥቂት ታዋቂ ፖስታዎች ብቻ እየዘራ ሲሄድ፣ የዘሩ ስፋት ይጠባል። ዱባ በራሱ ብናኝ ቢዳቀል እንደ በቆሎ ወዲያው የሚከሳ ተክል አይደለም፤ ይህን በመታገሡ አብቃዮች ይጠቀሙበታል፤ መልካም ጠባይን ለማጽናትም ይረዳል። ነገር ግን በራስ ብናኝ በተዳቀለ ቍጥር ልዩነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከሦስት ትውልድ በኋላ የሚቀረው ከመጀመሪያው ልዩነት ስምንተኛው እጅ ነው። የጠፋው ነገር ዛሬ የማይፈለግ ቢመስልም ነገ አዲስ በሽታ ሲመጣ፣ ወይም ሙቀቱና ዝናቡ ሲለዋወጥ፣ ከየትም አይገኝም። ጥቂት አብቃዮች በየጓሮአቸው ስማቸው ያልገነነ አሮጌ ሐረጎችን እያዳቀሉ ሲያቈዩ፣ ሐራጁ ለእነርሱ የሚከፍላቸው ነገር የለም። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ገበያ የመጠባበቂያ ጎተራውን ራሱ በእጁ ባዶ ያደርጋል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ሳይነገር ቢታለፍ ፍርዱ ያጋድላል። ከ183 ኪሎ ተነሥቶ 1,278 ኪሎ የደረሰው ከባዱን ከከባድ እያጋቡ በመሄድ አይደለምን? የተሳካለትን መንገድ ለምን ይነቅፉታል? ይህ እውነት ነው። በክብደት መምረጥ ውጤት አላስገኘም የሚል ሰው ሚዛኑን ክዷል። በ2015 ዓ.ም. የታተመ አንድ የአሜሪካ ሊቃውንት ምርመራ እንኳ ግዙፉን ዱባ ከተራው ጋር ሲያስተያይ፣ ቅጠሉ ፀሐይን ወደ ምግብነት በመለወጥ ችሎታው ከተራው እንደማይበልጥ፣ የበለጠው ምግቡን ከቅጠል ወደ ፍሬ የሚያጓጉዘው ፍሎዬም የተባለው የቧንቧ ሥርዓት እንደሆነ አግኝቷል። አብቃዮቹ ፋብሪካውን ሳያሰፉ መንገዱን አስፍተዋል ማለት ነው፤ ይህንንም ያደረጉት ስለ ቧንቧው አንድም ሳያውቁ፣ በሚዛን ብቻ እየተመሩ ነው። ስለዚህ ሚዛኑ ይጣል የሚል የለም። ጥያቄው በሚዛኑ የሚመረጠው በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ብዙ ሺህ ዘር ዘርተው ከሆነ፣ ያ ለጠቅላላው ዝርያ ይበጃል፤ ሁለት ተክል ብቻ የሚበቃ መሬት ላለውና በዓመት አንድ ዕድል ብቻ ለሚያገኘው ለአንዱ ሰው ግን ምን ይበጀዋል የሚል ነው። ብዙኃኑ ለሚያደርጉት ፈተና ዋጋውን የሚከፍለው እርሱ ነው። ዘሩ ባይሆን ሊመልሰው አይችልም፤ ዓመቱም አይመለስለትም።

እንግዲህ ከሻጩ የሚፈለገው ከባድ ነገር አይደለም። በፖስታው ላይ ከክብደቱ ጐን አራት ነገር ይጻፍ፤ ብናኙ ተከልሎ የተዳቀለ መሆን አለመሆኑ፣ ክብደቱ ከሰንጠረዡ ግምት በስንት በመቶ እንደበለጠ ወይም እንዳነሰ፣ ከዚህ ዘር እስካሁን ስንት እንደተዘራ፣ ከተዘራውም ስንቱ ጤናማ ሆኖ ለሚዛን እንደቀረበ። ዘሩ አዲስ ሆኖ ልጅ የሌለው ከሆነ «ገና አልተፈተነም» ተብሎ ይጻፍ፤ ዋጋውም እንደዚያው ይሁን። ማኅበራቱ ሐራጁን የሚያካሂዱት ለሽልማቱ ገንዘብ ለማግኘት ስለሆነ ዋጋው እንዳይወርድባቸው ይሠጉ ይሆናል። የሚወርደው ያልተፈተነው ዘር ዋጋ ነው፤ የተፈተነው ደግሞ እስከ ዛሬ ያላገኘውን ዋጋ ያገኛል። በመርካቶ የአትክልት ዘር የሚገዛ ገበሬ በቆርቆሮው ላይ የተሳለውን ቀይ ቲማቲም አይቶ እንደሚገዛ ሁሉ፣ የዱባው ገዢም ሥዕል ሲገዛ ኖሯል። ሥዕሉ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሥዕሉ ባለቤት በቆርቆሮው ውስጥ ካለው ዘር ጋር ያለው ዝምድና ሊጻፍ ይገባል።

ከገዢውም የሚፈለግ አለ። የፈነዳበትን ዱባ አፍሮ ከመደበቅ ይልቅ ለዘሩ ባለቤት ማስታወቅ ግዴታው ነው፤ ያለዚያ ከላይ የተጠየቀው መዝገብ ሊሞላ አይችልም። ለመጪው ሚያዝያም ሁለት ተክል ብቻ የሚችል ሰው ቢኖር፣ አንዱን ቦታ ልጆቹ ለታወቁለት አሮጌ ፖስታ፣ ሁለተኛውን ገና ላልተፈተነው አዲስ ቢሰጥ፣ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት አፈርና ውኃ ቢያሳድግ፣ በጥቅምት ወር ከሚዛኑ የሚያገኘው ቁጥር አንድ ሳይሆን ሁለት ይሆናል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነትም በፖስታው ጀርባ ላይ ጽፎ ለቀጣዩ ገዢ ሊያስተላልፈው ይችላል።